አልሰረዝ ያለ ፋይል፦ የቤት ሰርቨር «ፈቃድ የለዎትም» ሲል

ፋይሉ ይታያል፣ ይከፈታል፣ ኮፒም ይደረጋል። ዲሊት ሲባል ግን ኮምፒውተሩ «ይህን ለማድረግ ፈቃድ ያስፈልግዎታል» ብሎ ይመልሳል። ቤቱ የእርስዎ፣ ሃርድ ዲስኩም የእርስዎ፣ ምናልባትም ፋይሉን የሠሩት እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሰርቨሩ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያውቀው በየትኛው ዩዘር እንደገቡና ያ ዩዘር በዚያ ፎልደር ላይ ምን እንደተፈቀደለት ብቻ ነው።

አቃቂ አካባቢ የቤት ሰርቨር ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው የግቢውን የፊት ክፍል ስቱዲዮ ያደረገ የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ ነው። ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ሁለት ትልልቅ ሃርድ ዲስኮች ጨምሮ፣ ሊኑክስ ጭኖ፣ ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኝቶታል። ቀን ሠራተኛው «ሽምግልና»፣ «ሰርግ»፣ «መልስ»፣ «ቅልቅል» በተባሉ ፎልደሮች ውስጥ ኤዲት ያደርጋል፤ ማታ ልጆች ፊልም ያዩበታል፤ የእናት ስልክ ደግሞ የጥምቀት ፎቶ ይጭንበታል። አንድ ዕቃ፣ አራት ዓይነት ተጠቃሚ። ችግሩ የሚወለደውም እዚያው ነው። ሲኖሎጂ ወይም ኪውናፕ የተባሉትን ዝግጁ ሳጥኖች የገዛ ሰውም ከዚህ አያመልጥም፤ ውስጣቸው ያው ሊኑክስ ነው።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ እጽፋቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል፣ «ትልቁ» ካላልኩ በቀር በትንንሾቹ ይጻፋሉ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እንዳይነኩ ልለምንዎ፤ 777ን። ኮምፒውተር ጠጋኙም፣ የጎረቤት ልጅም የመጀመሪያ ምክሩ «ሁሉንም 777 አድርገውና ተገላገል» ነው። ይህ ማለት ከዋይፋይዎ የገባ እንግዳ ሳይቀር የደንበኛዎን የሰርግ ቪዲዮ ያጥፋ ማለት ነው። ከዚያም በላይ፣ ሲኖሎጂን በመሰሉ የራሳቸው የፈቃድ ዝርዝር ባላቸው ሰርቨሮች ላይ ከትእዛዝ መስጫው ሆነው ይህን ሲጽፉ የነበረው ዝርዝር ሊፈርስ ይችላል። ያኔ አንድ ፋይል አልሰረዝ ያለው ሰው መቶ ፎልደር የተዘበራረቀበት ሰው ይሆናል።

ጥፋቱ የት እንዳለ ይለዩ

ፋይሉ ያለበት ፎልደር ውስጥ ይግቡና አዲስ ባዶ ፎልደር ይፍጠሩ። ያንኑ የፈጠሩትን መልሰው ያጥፉት። ከዚያ ሌላ ሰው የጫነውን የማያስፈልግ ፋይል ለማጥፋት ይሞክሩ። የመጨረሻው ሙከራ ይህንኑ በሌላ ሰው ላፕቶፕ፣ በሌላ ዩዘር መድገም ነው።

የራስዎን መፍጠርና ማጥፋት ከቻሉ፣ የሌላውን ግን ካልቻሉ፣ ነገሩ የባለቤትነት ነው። ሌሎች ሲችሉ እርስዎ ብቻ መፍጠርም ማጥፋትም ካቃተዎ፣ ወይ የገቡበት ዩዘር ሌላ ነው ወይ ለእርስዎ የተፈቀደው ማንበብ ብቻ ነው። እስከ ትናንት ሲሠራ ቆይቶ ዛሬ በቤቱ ውስጥ ማንም ምንም መፍጠር ካልቻለ ግን ፈቃድን ይርሱት፤ ዲስኩ ራሱን ቆልፎ ይሆናል፤ መብራትን ወደሚመለከተው ክፍል ይዝለሉ።

የስህተቱን መልእክትም ሳያነቡ «ኦኬ» አይበሉት። ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ሲሠሩ «ፐርሚሽን ዲናይድ» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ የፎልደሩን የመጻፍ ፈቃድ አላገኙም ማለት ነው። «ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ» ከእሱ ይለያል፤ ፎልደሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ልዩ መቆለፊያ አለ ማለት ነው። «ሪድ ኦንሊ ፋይል ሲስተም» ካለ የዲስክ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ሦስቱንም ብዙ ጊዜ ባንድ ዓይነት ቃል ስለሚያቀርባቸው፣ ነገሩ ሲጠና ከሰርቨሩ ፊት ተቀምጦ መሞከር ብዙ ልፋት ያስቀራል።

ሰርቨሩ ማን ነው ብሎ ያውቅዎታል?

ዊንዶውስ ላይ ከሚገጥሙ ችግሮች ብዙውን ጊዜ የሚያደክመው ይህ ነው። ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር የሚገባው በአንድ ዩዘር ብቻ ነው። ጠዋት ልጅዎ ፊልም ለማየት በእሱ ዩዘር ገብቶ ከነበረ፣ ከሰዓት በኋላ እርስዎ የ«ሰርግ» ፎልደርን ሲከፍቱ ዊንዶውስ አይጠይቅዎትም፤ በልጁ ስም ያስገባዎታል። ማንበብ ለልጁም ስለተፈቀደ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ የሚጋለጠው ሲያጠፉ ነው።

ሌላም አለ። ሊኑክስ ላይ ፋይል የሚያካፍለው ፕሮግራም ሳምባ ይባላል፤ አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል በ1984 ዓ.ም. ገደማ የጀመረው ነው። ብዙ ቦታ ሳምባ የማያውቀው የዩዘር ስም ሲመጣለት ከመመለስ ይልቅ እንግዳ አድርጎ እንዲያስገባ ተደርጎ ይዘጋጃል። ስለዚህ የዩዘር ስምዎን በአንድ ፊደል ቢያሳስቱ እንኳ በሩ ሊከፈትልዎ ይችላል፤ እንግዳ ግን አያጠፋም።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ክሬደንሻል ማናጀር» ብለው ይፈልጉና «ዊንዶውስ ክሬደንሻልስ» በሚለው ሥር የሰርቨሩን ስም ወይም የአይፒ ቁጥሩን የያዘውን ሁሉ ያስወግዱ። ቀጥሎ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው «ኔት ዩዝ» ብለው፣ ኮከብ ምልክት አስከትለው፣ በመጨረሻ ወደ ቀኝ ባዘነበለ ሰረዝ «ዲሊት» ይጻፉ። የሚያስደነግጥ ቃል ቢሆንም የሚያጠፋው ግንኙነቱን እንጂ ፋይል አይደለም። ኮምፒውተሩን ዘግተው ይክፈቱና በትክክለኛው ዩዘርና ፓስወርድ ይግቡ።

በእርግጥ ማን ሆነው እንደገቡ ማረጋገጥ ከፈለጉ ሰርቨሩን ይጠይቁት። ሊኑክስ ላይ «ኤስኤምቢስታተስ» የሚለው ትእዛዝ አሁን የገባውን ዩዘርና ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣ ይዘረዝራል። ሲኖሎጂ ላይ የገቡትን ሰዎች የሚያሳይ ዝርዝር በሪሶርስ ሞኒተር ውስጥ አለ። ስምዎ ካለበት ጥሩ፤ «ኖባዲ» ወይም «ጌስት» ካለ እንግዳ ነዎት፤ የፎልደር ፈቃድ ቢያገላብጡ የሚለወጥ ነገር የለም።

የማጥፋት ፈቃድ ያለው ፎልደሩ ላይ ነው

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጎ ፈቃዱን ያያል፤ «ማንበብና መጻፍ» ይላል፤ ግን አልጠፋ ይለዋል። ሊኑክስ ላይ ፋይል ለማጥፋት የፋይሉ ፈቃድ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ፋይሉ የተቀመጠበት ፎልደር ፈቃድ ነው። ፎልደር ማለት እንደ ዕድር መዝገብ ነው፤ አንድን ስም ከመዝገቡ ለመሰረዝ መዝገቡ ላይ የመጻፍ ሥልጣን ያለው ጸሐፊው እንጂ ስሙ የተጻፈው ሰው አይደለም። በዚህ ምክንያት የራስዎን ፋይል ማጥፋት ሊከለከሉ ይችላሉ፤ ወለል ብሎ በተከፈተ ፎልደር ውስጥ ደግሞ የማያነቡትን የሌላ ሰው ፋይል ሊያጠፉ ይችላሉ።

ሰርቨሩ ላይ «ኤልኤስ» ብለው፣ ክፍት ቦታ ትተው፣ ሰረዝና «ኤልዲ» አስከትለው የፎልደሩን ስም ይጻፉ። መጀመሪያ «ዲ» ፊደል ይመጣል፤ ፎልደር ነው ማለት ነው። ከዚያ ዘጠኝ ቦታ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ይከተላል፦ የባለቤቱ፣ የግሩፑ፣ የሌላው ሰው። «አር» ማንበብ፣ «ደብልዩ» መጻፍ፣ «ኤክስ» ወደ ውስጥ መግባት ነው። ለማጥፋት በእርስዎ ሦስትዮሽ ውስጥ «ደብልዩ»ም «ኤክስ»ም መኖር አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይሠራም።

የመጨረሻው ቦታ ላይ «ኤክስ» መሆን ሲገባው «ቲ» ካዩ ልዩ መቆለፊያ ተገኘ ማለት ነው። «ቲ» ያለበት ፎልደር ውስጥ የመጻፍ ፈቃድ ያለው ሁሉ ይጽፋል፤ የሚያጠፋው ግን የፋይሉ ባለቤት፣ የፎልደሩ ባለቤት ወይም ዋናው አድሚን ብቻ ነው። ሠራተኛው የራሱን እያጠፋ የእርስዎን ካልቻለ ይህችን ፊደል ይጠርጥሩ። ለማንሳት «ቸሞድ» (ሲ-ኤች-ኤም-ኦ-ዲ ተብሎ የሚጻፈው) ከኋላው ሰረዝና «ቲ»፣ ከዚያ የፎልደሩ ስም። ከማንሳትዎ በፊት ግን ለምን እንደተደረገ ያስቡ፤ እኔ አንዳንድ ፎልደር ላይ ሆን ብዬ አደርገዋለሁ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም አልጠፋ ካለ ሁለተኛውን በር ያስታውሱ። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለት ቦታ ይፈተሻል፦ አንድ ጊዜ ሼር የተደረገበት ቅንብር ላይ፣ አንድ ጊዜ ፎልደሩ ላይ። ከሁለቱ የጠበቀው ያሸንፋል። ሳምባ ላይ ሼሩ ሲፈጠር ማንም ካልነካው የሚሰጠው ማንበብ ብቻ ነው። ሰርቨር ያደረጉት የዊንዶውስ ኮምፒውተር ከሆነም ያው ነው፤ በፎልደሩ ባሕርያት ውስጥ «ሼሪንግ» የሚለውንና «ሰኪዩሪቲ» የሚለውን ሁለቱንም ይዩ። ሲኖሎጂ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በራሱ ስም አንድ ነገር፣ በግሩፑ ሌላ ነገር ከተሰጠው ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ «መግቢያ የለህም» የሚለው ሁሉንም ይበልጣል፣ ቀጥሎ «ማንበብና መጻፍ»፣ መጨረሻ «ማንበብ ብቻ»። ስለዚህ ሠራተኛዎን «ማንበብ ብቻ» አድርገው ሲያበቁ ግሩፑ መጻፍ ከተፈቀደለት ማጥፋቱን ይቀጥላል። ይህን ሳያውቅ ፋይል የጠፋበት ባለቤት ጥቂት አይደለም።

ስም የለም፣ ቁጥር ነው ያለው

ሊኑክስ ባለቤትን የሚያስታውሰው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። ኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ የተፈጠረው ሰው 1000፣ ሁለተኛው 1001 ይሆናል። ሲኖሎጂ ላይ እርስዎ የሚፈጥሩት የመጀመሪያ ዩዘር 1026 ነው። አሮጌው ማሽን ተበላሽቶ ሃርድ ዲስኩን ወደ አዲሱ ሲያዛውሩ ፋይሎቹ አሮጌውን ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ አዲሱ ሰርቨር ያንን ቁጥር ለሌላ ሰው ሰጥቶት ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ አያውቀውም። የዝርዝሩ የባለቤት ቦታ ላይ በስም ፋንታ ቁጥር ካዩ ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን ከዊንዶውስ ሳይነሱም ማወቅ ይቻላል። በፋይሉ ባሕርያት ውስጥ «ሰኪዩሪቲ» የሚለውን ሲከፍቱ «ኤስ-1-22-1-1001» የሚመስል ረጅም ነገር ሊያዩ ይችላሉ። ቫይረስ አይደለም። ሳምባ ስሙን ያላወቀውን የሊኑክስ ዩዘር ለዊንዶውስ የሚያስተዋውቅበት መንገድ ነው፤ የመጨረሻው 1001 የባለቤቱ ቁጥር ነው።

የሚስተካከለው «ቻውን» (ሲ-ኤች-ኦ-ደብልዩ-ኤን) በሚባለው ትእዛዝ ነው። በአድሚን ሥልጣን፣ ሰረዝና ትልቁን «አር» አስከትለው፣ አዲሱን ባለቤትና ግሩፕ በሁለት ነጥብ ለይተው፣ በመጨረሻ የፎልደሩን ስም ይጽፋሉ። ትልቁ «አር» በውስጡ ያለውን ሁሉ ይጨምር ማለት ስለሆነ የፎልደሩን ስም ሁለት ጊዜ አንብበው ነው «ኢንተር» የሚጫኑት። የዲስኩን ሥር ሙሉ በዚህ መምታት ሰርቨሩ ራሱ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል። ፊልም የሚያወርዱ ፕሮግራሞችን በዶከር የሚያሠሩ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ በየትኛው ቁጥር እንደሚጽፍ በቅንብሩ ውስጥ ያስተካክሉ፤ አለዚያ ዛሬ ያስተካከሉት ነገ በአድሚን ስም ተጽፎ ይመጣል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ትናንት ይሠራ የነበረ ሰርቨር ዛሬ ማንንም አላስጠፋ ካለ፣ በመካከሉ መብራት መጥፋት አለመጥፋቱን ያስታውሱ። አቃቂም ሆነ ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ለማስታወስ ብዙ አይቸገርም። ዲስክ እየጻፈ ሳለ ኃይል ሲቋረጥበት የፋይል ማውጫው ሊጎዳ ይችላል። ሊኑክስ እንዲህ ዓይነት ጉዳት ሲያይ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ወደ «ማንበብ ብቻ» ይመልሰዋል። ክልከላው እርስዎን ለመጉዳት አይደለም፤ በተበላሸ ማውጫ ላይ መጻፍ የቀረውንም ስለሚያበላሽ ነው።

«ማውንት» ብለው ሲጽፉ የዲስኩ መስመር ላይ «አርደብልዩ» በሚለው ቦታ «አርኦ» ካዩ ተረጋግጧል። «ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ» ብለው ሲጽፉም የስህተቱ መስመር ይገኛል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው ፈተና ዲስኩን በግድ ወደ መጻፍ መመለስ ነው፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃዋል፣ እዚያው ይሠራል። አያድርጉት። አሁን ማንበብ ስለሚቻል ገና ለደንበኛ ያልተሰጠውን ሰርግ በሙሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ኮፒ ያድርጉ። ከዚያ የዲስኩን የጤና ምርመራ፣ ስማርት የሚባለውን ይዩ፤ ቁጥር 5 እና ቁጥር 197 ላይ ዜሮ ያልሆነ ጥሬ ቁጥር ካለና ቀን በቀን ከጨመረ ዲስኩ መሸኛው ደርሷል። ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ከሰርቨሩ አላቅቀው (ነቅለው ማለቴ ሳይሆን «አንማውንት» አድርገው) «ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ» በሚለው ያስጠግኑት።

ዩፒኤስ መግዛት ግማሽ መፍትሔ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩ ያው ድንገት ይጠፋል። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ ያለው ከሆነ ከሰርቨሩ ጋር ያገናኙት፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል። ሲኖሎጂ ይህንን በቅንብሩ ውስጥ አለው፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ነት (ኤን-ዩ-ቲ) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ገመዱ ከካርቶኑ ሳይወጣ የቀረበት ቤት ብዙ ነው።

የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ችግር አለ። ከዊንዶውስ ላፕቶፕ ነቅለው ሰርቨሩ ላይ የሰኩት ሃርድ ዲስክ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኮምፒውተሩ «ሸት ዳውን» ሲባል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ቶሎ ለመነሳት ግማሹን አስቀምጦ ይተኛል። ሊኑክስ እንዲህ ያለ ዲስክ ሲያይ ባለቤቱ ሥራውን አልጨረሰም ብሎ ለመጻፍ እምቢ ይላል። ዲስኩን ወደ ላፕቶፑ ይመልሱ፣ «ሺፍት»ን ተጭነው «ሸት ዳውን» ይበሉ፣ ከዚያ ነቅለው ይሞክሩት።

ፈቃድ የሚመስሉ፣ ያልሆኑ

ፋይሉ ቴሌቪዥኑ ላይ እየታየ ከሆነ ወይም የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ከያዘው ላይጠፋ ይችላል፤ ይዝጉት፣ ይጠፋል። ባዶ የሚመስል ፎልደር አልጠፋ ካለ ዊንዶውስ ራሱ የሚፈጥረው «ተምብስ» የተባለ ድብቅ ፋይል ይዞት ይሆናል፤ የፎልደሩን አቀማመጥ ከትልልቅ ምስል ወደ ዝርዝር ቀይረው ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ።

ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፣ በተለይ በአማርኛ ለምንሰይም። «ወ/ሮ» እና «ወ/ሪት» የሚሉትን አህጽሮቶች ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፤ ማክ ግን ይቀበላል። ማክ ላይ «የወ/ሪት» ተብሎ የተሰየመ የሰርግ ፎልደር ዊንዶውስ ላይ እንግዳ ስም ይዞ ሊታይና አልነካ ሊል ይችላል። ርዝመትም አለ፦ ሊኑክስ ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ላይ ያልቃል። ሲኖሎጂ ላይ በምስጢር የተቆለፈ ፎልደር ከሆነ 47 ገደማ ነው። ዊንዶውስም በበኩሉ ከነመንገዱ ከ260 ፊደል ያለፈ ፋይል ላይ ይንገዳገዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ላፕቶፑን ይተዉትና ከሰርቨሩ ራሱ፣ ወይም ሲኖሎጂ ከሆነ ከፋይል ስቴሽን ያጥፉት፤ ካልሆነ የላይኛውን ፎልደር ስም ያሳጥሩት።

ፋይሉን አጥፍተው ቦታው ካልተለቀቀም አይገረሙ። ብዙ ሰርቨር የተሰረዘውን ወደ ሪሳይክል ቢን ያዛውራል፤ ያንን ባዶ ማድረግ ለአድሚን ብቻ የተተወ ሊሆን ይችላል።

እንዳይደገም

ፈቃድን ለሰው ሳይሆን ለግሩፕ ይስጡ። «ስቱዲዮ» የሚባል ግሩፕ ይፍጠሩ፣ እርስዎንና ሠራተኛውን ያስገቡ፣ የሥራ ፎልደሮቹን ግሩፕ በ«ቻውን» ወደዚያ ይለውጡ። ነባሮቹን ፋይሎች «ቸሞድ»፣ ሰረዝና ትልቁ «አር»፣ ከዚያ «ጂ ፕላስ አር ደብልዩ» ብለው መጨረሻው ላይ ትልቁን «ኤክስ» በመጨመር ይክፈቱ። ትልቁ «ኤክስ» የመግባት ፈቃዱን ለፎልደሮች ይሰጣል፤ ተራ ፋይሎችን ግን እንደ ፕሮግራም አያስነሳቸውም። ለፎልደሮቹ ደግሞ 2770 ይስጡ፤ ከፊት ያለው 2 ነገ የሚፈጠረው ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ እንዲወርስ ያደርጋል፤ መጨረሻ ያለው 0 ከግሩፑ ውጭ ያለውን ሰው ያስቀራል። ሳምባ ላይም አዲስ ፋይል 0660፣ አዲስ ፎልደር 2770 ሆኖ እንዲፈጠር ይዘዙት። ይህ ከቀረ በሚቀጥለው ሳምንት የሚጫነው ሰርግ ያንኑ ችግር ይዞ ይመጣል።

«ጥሬ ቪዲዮ» የሚለው ፎልደር ላይ ግን ያቺን «ቲ» ያኑሩበት። ሠራተኛው ካሜራውን ያራግፍበታል፣ የራሱን ስህተት ያርማል፣ እርስዎ የጫኑትን ግን አያጠፋም። ደንበኛው ፊልሙን ሳይረከብ ጥሬው የጠፋበት ስቱዲዮ ምን እንደሚገጥመው ለሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ መንገር አያስፈልግም። የእናትና የልጆች ዩዘር ደግሞ የስቱዲዮ ግሩፕ ውስጥ አይግባ፤ ለእነሱ የቤተሰብ ፎልደር ይበቃቸዋል።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ ዩዘር እየገቡ ይሞክሩት፦ ይፍጠሩ፣ ስም ይለውጡ፣ ያጥፉ፣ ሌላው የጫነውንም ለማጥፋት ይሞክሩ። በልጁ ዩዘር ሲሞክሩ መከልከል አለበት፤ ካልተከለከለ ሥራው አላለቀም። ሙከራው ካለፈ ለጥገና ብለው ላፕቶፑ ላይ ያስቀመጡትን የአድሚን ፓስወርድ ከክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ ያውጡት።